ኧረ ፓውዛውን ቀንሱት፣ አዳማዎች!

የአዳማ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለ መብራት።

መብራት አትግጠሙ ያለ የለም። የድሮ ቤት፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን፣ የድሮ መስጊድ ማታ ጨለማ ይዋጠው አልልም። ሽቦው ተልጦ የሚያስፈራ ቤትማ ዛሬ ነገ ሳይባል ይቀየርለት። ቁጣዬ አበራሩ ላይ ነው።

እኛ ጋ ያማረ ማለት የደመቀ ማለት ሆኗል። ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ውጭ ያለ ልጅ ብር ይልካል፣ ባለ 200 ዋት ፓውዛ ተገዝቶ ፊት ለፊት ግንቡ ላይ ይለቀቃል። ከዚያ ጭብጨባ! እስቲ ቆም ብላችሁ እዩት። የጥርብ ድንጋዩ ጠርዝ፣ የመስኮቱ ቅስት፣ የበሩ ጥልቀት የት ገባ? ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላ አይተውም። ጥላ ከሌለ ደግሞ ጥርብ ድንጋይና ብሎኬት ለዓይን አንድ ናቸው። ለግንብ የሚበጀው ግርጌው ሥር ተጠግቶ ወደ ላይ የሚያበራ አነስተኛ መብራት ነው። ያኔ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይለያል። ቆጣሪውም ያርፋል።

ቀለሙ ደግሞ አለ። ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋችሁ አንብቡ። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው። 6500 ኬልቪን የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ለጋራዥ ይሁን። 2700 ወይም 3000 የሚለው ሞቅ ያለ ነው፣ ከጥንቱ አምፖል ብርሃን ጋር ይቀራረባል። በአዳማ ሙቀት የነፍሳቱን ነገር ታውቁታላችሁ፤ አብዝቶ የሚጠራቸውም ያ ነጩ ነው። ቀለም የሚቀያይረው ስትሪፕ ለሰርግ አዳራሽ ይተውልን፣ እሱን እንለፈው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ድሪሉ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል ላይ ይወጣል፣ ድንጋዩን መሃል ለመሃል ይበሳል፣ ፊሸር ይከታል፣ በብረት ቡሎን ያስራል፣ ነጩን ኬብል በቅስቱ ላይ አጋድሞ ይሄዳል። ክረምት ሲመጣ ውሃ በቀዳዳው ይገባል። ብረቱ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። መብራቱ ቢበላሽ ይቀየራል፤ ድንጋዩን ማን ይቀይረዋል? መብሳት ግድ ከሆነ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሞርታር ይበሳ፣ እሱ ይጠገናል። ቡሎኑም የማይዝግ ይሁን። ሽቦው አሮጌው በሄደበት መንገድ ይሂድ። የድሮውን ፋኖስና የጣሪያ መብራት አውልቃችሁ ለቆራሌው አትስጡ። ውስጡ ያለው ሽቦና የአምፖል መያዣው ይታደስና ኤልኢዲ ይግባበት። 9 ዋት ገደማ የሚበላ ኤልኢዲ የድሮውን 60 ዋት አምፖል ብርሃን ይሰጣል።

ይህቺ ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ሃዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፣ አዳማም በዚያ መስመር ላይ ሆና ነው ያደገችው። በ2009 የኤሌክትሪኩ ባቡር ሲመረቅ የራሱን አዲስ መስመርና ጣቢያ ይዞ መጣ፤ የድሮው ለትዝታ ቀረ። ነገ አንድ ባለሀብት ወይም አንድ ማኅበር የድሮውን ጣቢያ እናስውብ ብሎ መነሳቱ አይቀርም። ተነሱ፣ ደግ ነው! ግን ባቡር ጣቢያ እንጂ ናይት ክለብ እንዳታደርጉት።

ደግሞ «ንብረታችን ነው፣ ማን ያገባዋል?» የምትሉ አላችሁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ሲታደስ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ያልተመዘገበ ቢሆንም ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጎራ ብሎ መጠየቅ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድባችሁም።

ገንዘቡን የያዛችሁ ሰዎች፣ 40 ፓውዛ በአንዴ አትጫኑ። አንድ ብቻ ግዙ። ሳትበሱ፣ ሳታስሩ መሬት ላይ አስቀምጡትና ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ አብሩት። አስፋልቱን ተሻግራችሁ ከወዲያ ማዶ እዩት። ጎረቤት መኝታ ቤት የሚገባ ከሆነ ወይም የባጃጅ ሹፌሩን ዓይን የሚወጋ ከሆነ አዙሩት፤ እንቢ ካለም ለሱቁ መልሱት።