የፈተና ሰሞን እንቅልፍ
ስለ ተማሪዎች እንቅልፍ እዚህ የወጣው ጽሑፍ «በፈተና ሰሞን የጎደለ እንቅልፍ ቅዳሜና እሁድ ይካካሳል» ያለው ላይ አልስማማም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ እኔም እንደዛ አስብ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አንብቤ ፈተና ስቀመጥ፣ ያሰመርኩበት ገጽ ከነቀለሙ ይታየኛል፤ የተጻፈው ግን ጥፍት ይልብኛል። ያነበብነው አእምሯችን ውስጥ የሚረጋው ስንተኛ እኮ ነው! በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዕድሜ በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓታት ያህል መተኛት ያስፈልጋል። ቡናም ቢሆን፣ የጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከጠጣነው 5 ሰዓታት ካለፉ በኋላም ሰውነታችን ውስጥ ሊቆይ ይችላል። እኔን የረዳኝ ከሰዓት በኋላ ቡና መተውና ስልኬን ከአልጋዬ አርቄ ቻርጅ ማድረግ ነው። ከጽሑፉ ስር በሰጠኸው አስተያየት «ለራሴ የሚሆን ጊዜ የለኝም» ላልከው ወንድሜ፦ በ20 ደቂቃ የእግር ጉዞ ጀምር። ጭንቀቱ ሳምንታት ከዘለቀ ግን ብቻህን አትሸከመው፣ የተማሪዎች አማካሪ ጋ ሂድ።