ውጭ አገር መኖር የዓመት ፈቃድ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የቅጥር ወኪል የተናገረውን ሰምቼ ደሜ ፈላ። ሰውየው እንግሊዝኛ አስተማሪዎችን እየመለመለ ወደ ምሥራቅ እስያ የሚልክ ነው። አስተማሪዎቹ የዓመት ፈቃዳችን አነሰ ብለው ለምን እንደሚያማርሩ ሲጠየቅ ፍርጥም ብሎ መለሰ። እነሱ እኮ አገር እያዩ ደመወዝ የሚቀበሉ ናቸው፣ ኑሯቸው ራሱ ዕረፍት ነው አለ። ከዚህ በላይ ምን ዕረፍት ይፈልጋሉ ሲልም ጨመረበት።

ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

እስኪ ይሄንኑ ለሌላ ባለሙያ ይንገረው። ከአገሩ ርቆ ለሚሠራ መሐንዲስ «አገር እያየህ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግህም» ለማለት የሚደፍር አሠሪ አለ? ለዲፕሎማትስ? እንዲያውም ብዙ መሥሪያ ቤቶች ውጭ ለሚመድቡት ሠራተኛ ቤተሰቡን ጠይቆ እንዲመለስ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣሉ። የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚችሉም አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሕር ተሻግሮ የሚኖር ሰው ቅዳሜ እናቱ ቤት ደርሶ እሁድ አይመለስም። ርቀት ፈቃድ ያስጨምራል እንጂ አያስቀንስም። ነገሩ የሚገለበጠው ሠራተኛው እንግሊዝኛ አስተማሪ ሲሆን ብቻ ነው።

ደግሞስ የትኛውን አገር ነው የሚያዩት? ደቡብ ኮሪያን እንውሰድ። እዚያ ሀግዎን የሚባሉ የግል ማስጠኛ ተቋማት አሉ፤ ብዙ የውጭ አስተማሪ የሚቀጥሩትም እነሱ ናቸው። ልጆቹ የሚመጡት ከመደበኛ ትምህርታቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራው ከሰዓት ይጀምርና እስከ ማታ ይዘልቃል። ሶል ውስጥ ሀግዎኖች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ የከተማው ደንብ ይከለክላል። ደንቡ የታሰበው ለልጆቹ እንቅልፍ ነው። አስተማሪውማ ማን አስቦት! አንዱ ክፍል ሲወጣ ሌላው ይገባል። በመሃል ያለችው 5 ደቂቃ ወይ ለፎቶ ኮፒ ነች፣ ወይ ለሽንት ቤት። ሁለቱን ማዳረስ አይቻልም።

መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉስ? ያኔማ ጭራሽ ይብሳል። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ነፃ ስለሆኑ ሀግዎኖቹ የዕረፍት ወቅት ልዩ ኮርስ ይከፍታሉ። ከሰዓት ይገባ የነበረው አስተማሪ አሁን ጠዋትም ይገባል። የተማሪው ዕረፍት ለእሱ የሥራ ብዛት ነው። ወኪሉ «ኑሯቸው ዕረፍት ነው» ያለው እንግዲህ ይህንን ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ነገር ነው። ኮሪያ ኢፒክ በሚባለው ፕሮግራም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ አገር አስተማሪዎችን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ታስገባለች። ፈቃዱ ከሀግዎኑ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ግን ጃንዋሪ ሲመጣ የሚሆነውን ተመልከቱ። ወሩ በኮሪያ የብርድ ወቅት ነው፤ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ወጥተዋል። የአገሩ መምህራን ከትምህርት ቤት ውጭ ሆነው ራሳቸውን እንዲያሠለጥኑ ሕግ ስለሚፈቅድላቸው አብዛኞቹ የሉም። የውጭ አገሩ አስተማሪ ግን የፈቃድ ቀኖቹንና በዕረፍቱ ወቅት የሚያስተምርበትን የእንግሊዝኛ ካምፕ ሲጨርስ በየቀኑ መጥቶ ይቀመጣል። ማንን ሊያስተምር? ማንንም። አስተማሪዎቹ ራሳቸው «ዴስክ ማሞቅ» ይሉታል።

ሁኔታውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ኮሪደሩ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ተማሪ የሌለበትን ሕንፃ ማን ያሞቃል? አንድ ሰው ካፖርቱን ለብሶ፣ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እግሩ ሥር አድርጎ፣ ሃያ ጠረጴዛ ባለበት የመምህራን ክፍል ብቻውን ተቀምጧል። የመጋቢት ትምህርቱን አዘጋጅቶ ከጨረሰ ቆይቷል። የሚቀጥለውንም አዘጋጅቷል። አሁን ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። የመውጫ ሰዓቱ ሳይደርስ መሄድ አይችልም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይኸው ሰው በሜይ ወር ሁለት ቀን ፈቃድ ቢጠይቅ ምን ይባላል? «ልጆቹን ማን ሊያስተምርልህ ነው?» ይባላል። እሺ፣ አሳማኝ ነው። ታዲያ በጃንዋሪ ልጆቹ የት አሉ? ልጅ ሲኖር በልጆቹ ምክንያት አይሄድም፤ ልጅ ሳይኖርም አይሄድም። እንግዲያው ምክንያቱ ልጆቹ አልነበሩም ማለት ነው። ጉዳዩ ቁጥጥር ነው። የከፈልንበት ሰው ከዓይናችን አይጥፋ ነው ነገሩ። ለአገሩ መምህር «ቤትህ ሆነህ አንብብ፣ ሠልጥን» የሚባል እምነት አለ። ለውጭ አገሩ አስተማሪ ያ እምነት የለም። ይህን የሥራ ሥነ ሥርዓት ነው የሚሉኝ አሉ። ሥራ ሳይኖር የምን የሥራ ሥነ ሥርዓት ነው?

በዚያ ላይ ቀኑን የሚመርጠው ማነው? አሠሪው። ሀግዎን ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉም ሰው በአንድ ላይ ይወጣል፤ በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መጀመሪያ ጥቂት ቀን፣ በዓመቱ መጨረሻ ጥቂት ቀን። አገሬው ሁሉ የሚንቀሳቀስበት፣ ቲኬት የሚወደድበት ሳምንት ነው። የእህት ሠርግ የሚውለው ግን የሀግዎኑ ባለቤት በመረጠው ሳምንት አይደለም። አያትም በሩ የሚዘጋበትን ቀን ጠብቃ አትሞትም። ሰው መቼ እንደሚወጣ ራሱ ካልመረጠ፣ ያ የድርጅቱ መዝጊያ ቀን እንጂ የእሱ ፈቃድ አይደለም። ፋብሪካ ማሽን ሊጠግን ሲዘጋ ሠራተኛው ዕረፍት ወጣ አይባልም።

አንዳንዱማ የሕዝብ በዓላትን ቀላቅሎ ይቆጥራል። ውሉ 10 ቀን ይላል፤ ቀኖቹ ሲዘረዘሩ ግን ገናም፣ አዲስ ዓመትም ውስጡ አሉ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስምምነት ቁጥር 132 ላይ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ዝቅተኛው የዓመት ፈቃድ ሦስት የሥራ ሳምንት ነው፤ የሕዝብ በዓላት በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ስምምነቱን ብዙ አገሮች አላጸደቁትም፤ አውቃለሁ። ግን ኮሪያ ራሷም ሕጓን አስተካክላለች። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው የግል ድርጅቶች የሕዝብ በዓላትን ከክፍያ ጋር መስጠት አለባቸው።

ሕጉ አለ ማለት ግን ፈቃዱ አለ ማለት አይደለም። በኮሪያ የሥራ ሕግ አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ አንድ ቀን፣ እስከ 11 ቀን ያገኛል። ዓመት ሲሞላው 15 ቀን። ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ አንቀጽ ከ5 ሠራተኛ በታች ያለውን ድርጅት አይመለከትም። አንድ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ትንሽ ሀግዎን ስንት ሠራተኛ ያለው ይመስላችኋል? ሌላው ዘዴ ደግሞ አለ። አስተማሪውን «የግል ሥራ ተቋራጭ» ብሎ መመዝገብ ነው። ከደመወዙ 3.3 ከመቶ ታክስ ይቆረጥና ሠራተኛ አይደለህም ይባላል። ሠራተኛ ካልሆነ ፈቃድም የለም፣ የስንብት ክፍያም የለም። የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት ግን አለቃው ይወስናል፤ መጽሐፉንም አለቃው ይመርጣል። ይህ ሰው ምኑ ነው ተቋራጭ? ፈቃዱ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

«ፈርመው የለ እንዴ!» የሚሉ ደግሞ አይጠፉም። ይሄ ክርክር ሲሰለቸኝ! ያው ስምምነት ቁጥር 132 መብትህን በገንዘብም ሆነ በሌላ ነገር ለውጠህ ዝቅተኛውን ፈቃድ መተው አትችልም ይላል። እንዲህ ያለ ውል መሻር ወይም መከልከል አለበት። ሕግ አውጪዎቹ የሠራተኛ ፊርማ እንዴት እንደሚገኝ ገብቷቸዋል። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ውል የሚፈረመው ባሕር ማዶ ተሁኖ፣ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ሳይታይ፣ ወኪሉ በስልክ ሁሉም ነገር ሰላም ነው እያለ ነው። ያንን ፊርማ በነፃነት የተሰጠ ስምምነት ብሎ መጥራት ያሳፍራል።

ይባስ ብሎ ከፈረመ በኋላ መውጫ የለውም። ኢ-2 የሚባለው የኮሪያ የቋንቋ አስተማሪ ቪዛ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው። እንግሊዝኛ ለማስተማር ይህን ቪዛ የሚያገኙት በዋናነት የሰባት አገር ዜጎች ናቸው፤ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ። ውሉ ሳያልቅ አሠሪ መቀየር የፈለገ ሰው በአብዛኛው ከቀድሞ አሠሪው የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጠየቃል። አስቡት እንግዲህ። ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው መኖሪያ ፈቃድህንም በእጁ ይዟል። ቤቱን የሚሰጥህም እሱ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ስለ ሁለት ቀን ማን ይጨቃጨቃል? ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል። የስንብት ክፍያ የሚገኘው ደግሞ አንድ ዓመት ሲሞላ ነው፤ መጠኑ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ነው። በ11ኛው ወር «ሥራህ አላረካንም» ተብለው የሚባረሩ አስተማሪዎች ወሬ በዚህ ሙያ ውስጥ የቆየ ነው። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ ይሞክር።

ሕመምም አለ። የኮሪያ ሕግ ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም አሠሪው ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። ጃፓንም እንደዚያው ናት፤ ሰው ሲታመም የዓመት ፈቃዱን ይበላል። ቀኑን ሙሉ የሕፃናት ጉንፋን ለሚተነፍስ አስተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው። ዓመቱ ሳይጋመስ ፈቃዱ በትኩሳት አለቀ ማለት ነው።

ጃፓንን ካነሳን አይቀር፣ ሕጓ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። አንድ ሠራተኛ ከስድስት ወር በኋላ 10 ቀን ፈቃድ ያገኛል። መንግሥት ሰዉ ፈቃዱን እንደማይጠቀም አይቶ ከአፕሪል 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪዎች ቢያንስ 5 ቀን እንዲያስወጡ አስገድዷል። ያላደረገ እስከ 300 ሺህ የን ይቀጣል። ችግሩ አስተማሪ ቀጥረው ለትምህርት ቤቶች የሚያከራዩት ድርጅቶች ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ውል በሳምንት 29 ሰዓት ተኩል ነበር። ለምን 30 አልሆነም? 30 ከሆነ የጤናና የጡረታ መድኅን ግዴታ ይመጣ ነበራ! ግማሽ ሰዓት ቀንሶ የሰውን ጡረታ መብላት ማለት ይህ ነው። ከእነዚህ ድርጅቶች አንዳንዶቹ ትምህርት በሚዘጋበት በኦገስት ደመወዝ ይቀንሳሉ። ስፔን ደግሞ ክፍል ውስጥ መምህሩን የሚያግዙ የውጭ አገር የቋንቋ ረዳቶችን በአብዛኛው ከኦክቶበር እስከ ሜይ ትከፍልና ከዚያ በኋላ ቻው ትላለች። እንዲህ ያለው ዕረፍት ሥራ አጥነት ይባላል።

«ወጣቶች ናቸው፣ ለአንድ ዓመት ጀብዱ መጥተው ነው» የሚለውን ሰበብ ደግሞ እኔ በተቃራኒው ነው የማነበው። በየዓመቱ የሚለዋወጥ ሠራተኛ መብቱን እስኪያውቅ ድረስ ይሄዳል። አዲሱ ይመጣና ከዜሮ ይጀምራል። ለአሠሪው ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ሰዎቹ የማይቆዩት ጀብደኛ ስለሆኑ አይደለም፤ የሚያቆያቸው ነገር ስለጠፋ ነው። ልጅ አሳድገው፣ ቤተሰብ መሥርተው፣ ለዓመታት የሚያስተምሩም ሞልተዋል። እነሱም ግን ብዙ ጊዜ የሚታዩት እንደ ጀማሪ ነው።

ጥሩ አሠሪ የለም አልልም። አለ። ግን የሰው ዕረፍት በአለቃው ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ኖቫ የሚባለው ግዙፍ የጃፓን የቋንቋ ትምህርት ቤት ሰንሰለት በኦክቶበር 2007 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ሺዎች የውጭ አገር አስተማሪዎች ደመወዛቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ለምግብ ሲሉ ያስተማሩ ነበሩ። ያን ጊዜ «አገር እያዩ ነው» ያለ አልነበረም።

መስተካከል ያለበት ብዙ አይደለም። በሥራ ማስታወቂያው ላይ ከደመወዙ ጎን የፈቃዱ ቀን ብዛት ይጻፍ፤ የሕዝብ በዓላት ሳይጨመሩበት። ከቀኖቹ ቢያንስ ግማሹን አስተማሪው ይምረጥ። ተማሪ በሌለበት ወር ትምህርት ቤት ገብቶ መቀመጥ ይቅር፤ ዝግጅት ከሆነ ቤትም ይሠራል። የመልቀቂያ ደብዳቤው ነገር ደግሞ ጨርሶ ይነሳ፤ የኢሚግሬሽን ቢሮው ውሉንና የአዲሱን አሠሪ ቅጥር ደብዳቤ አይቶ ይወስን እንጂ የቀድሞውን አለቃ ፈቃድ አይጠይቅ። ይህን ለማድረግ ከ5 ሠራተኛ በታች ያላቸውም ሀግዎኖች አይከስሩም። ከሰው 10 ቀን ዕረፍት ካልወሰደ በስተቀር አልቆምም የሚል ሀግዎን ካለ ግን ይዘጋ።