እርማት፦ «ቢብስብህ ምን ይደረግልህ?» ማለት ሟርት አይደለም

ወንድሜ፣ «በጠና የታመመን ሰው ስለ መጨረሻው መጠየቅ ሟርት ነው፤ ሕክምናውን አቁሙበት ማለት ነው» ያልከው ልክ አይደለም። እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ እስከ መጋላ እንዲህ የማይል ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ እኔም እል ነበር።

ነገሩ ሕክምና ማቋረጫ ፈቃድ አይደለም። ታማሚው አንደበቱ ሳይያዝ ፍላጎቱን ይናገራል፦ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ልግባ ወይስ ቤቴ ልሁን፣ መናገር ቢያቅተኝ ማን ይወስንልኝ፣ የንስሐ አባቴ ወይም ሼኩ ይጠሩልኝ። «ያለው ሁሉ ይሞከርልኝ» ማለትም ምርጫ ነው። ሐሳቡን ከቀየረም ይቀየራል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የሜልበርን ጥናት ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 309 ሕሙማንን ተከታትሏል። ከሞቱት መካከል አስቀድመው ከተነጋገሩት የ86 በመቶው ፍላጎት ታውቆ ተፈጽሟል፤ እንዲህ ያለ ንግግር ካልተደረገላቸው ግን የ30 በመቶው ብቻ። የሟች ቤተሰቦች ጭንቀትና ድባቴም ቀንሶ ተገኝቷል።

ደግሞስ ኑዛዜ የኛው አይደለም እንዴ? ስለ ቤትና ስለ መሬት ሽማግሌ ተጠርቶ ሲናዘዝ ማንም ሟርት አይለውም። ስለ ገዛ ሰውነቱ ሲሆን ነው የምንደነግጠው።

አንድ ነገር ግን አልክድህም፤ አጠያየቁ ሊያስደነግጥ ይችላል። ጠያቂ ዘመድ አልጋውን ከቦ ሳለ ጉዳዩ አይነሳም። መጀመሪያ «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ይባላል። «ልጄን አናግሯት» ካለ፣ እሱም መልስ ነው።