ለመማር የሄደ ልጅ እናት አያስፈልገውም ያለው ማነው?

አሜሪካ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የአብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን ቪዛ ወደ 3 ወርና ወደ አንድ ጊዜ መግቢያ ካወረደች ወዲህ «እዚያ የሚማሩ ልጆችና እዚህ ያሉ ወላጆች መገናኘት አልቻሉም» ሲባል የሚሰጥ አንድ መልስ ሰልችቶኛል። ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ደገመው። «ልጆቹ የሄዱት ለመማር ነው፤ ቤተሰብ ከናፈቃቸው ቪዲዮ ኮል አለ» አለ። ደሜ ፈላ።

ቪዲዮ ኮል አራስ አያርስም። ገንፎ አያገነፋም፣ ሕፃን አያጥብም። ዶክትሬት አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። በዚያ መሃል ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይታመማል፣ አባቱም ይሞትበታል።

ይህን የሚሉ ሰዎች አሠራሩን ልብ ብለው አላዩትም። የቪዛው ሦስት ወር ለመግቢያ ብቻ ነው፤ ተማሪው አንዴ ከገባ ትምህርቱ እስኪያልቅ መቆየት ይችላል። ለቅሶ ለመድረስ ወደ አዲስ አበባ ከመጣ ግን የመመለሻ ቪዛ የለውም። እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና 185 ዶላር፣ እንደገና ቃለ መጠይቅ። ቢከለከል የዓመታት ልፋቱ ገደል ገባ። ስለዚህ አይመጣም። እሱ ካልመጣ እናቱ መሄድ አለባት። እሷስ? የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ 214(ቢ) የሚባለው አንቀጽ ተቃራኒውን እስክታስረዳ ድረስ «ልትቀር ነው» ብሎ ያስባታል። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ቤት፣ ባሏ፣ የልጅ ልጆቿ እዚህ ናቸው። ቢሆንም በጥቂት ደቂቃ ጥያቄ ተከልክላ ትመለሳለች። የከፈለችው ከ25 ሺህ ብር በላይ አይመለስም። ልጁ መውጣት አይችልም፣ እናቱ መግባት አትችልም። ይህ የቪዛ ደንብ አይደለም፣ እስር ነው። ባለትዳሩም ቢሆን ሚስቱን ለተማሪ ቤተሰብ በሚሰጠው ኤፍ ቱ ቪዛ ሲወስድ መሥራት አይፈቀድላትም፤ በአንድ የተማሪ አበል ሁለት ሰው ይኖራል።

«ሄደው የሚቀሩ አሉ» ይባላል። አሉ። በእነሱ ጥፋት የልጇን ምርቃት ልታይ የምትሄድ እናት የምትቀጣው በየትኛው ፍርድ ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። አሜሪካ የሰጠችው ምክንያት አጸፋ ነው፤ ለዜጎቼ የምትሰጡትን ያህል እሰጣችኋለሁ ነው ነገሩ። የእኛ የቱሪስት ኢ-ቪዛ 30 ወይም 90 ቀን ነው። ታዲያ ለአሜሪካውያን ረዘም ያለና ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ብንሰጥ ምን ይጎድልብናል? ቱሪስት ናፈቀን እያልን በየዓመቱ የምንጮኸው እኛው አይደለን? የትውልደ ኢትዮጵያውያኑን በር እንደሆነ በቢጫ ካርድ ከከፈትነው ቆይቷል።

ጋናም እንደኛው ተቀንሶባት ነበር። ተደራድራ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የ5 ዓመት ቪዛዋን አስመለሰች። ጋና በዚያው ሰሞን ከአሜሪካ የተባረሩ የሌላ አገር ዜጎችን መቀበሏን አውቃለሁ፤ እኛ ያን እንክፈል አልልም። ግን ቢያንስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርስ ምን ጠየቀ? ምን ተባለ? ልጆቻቸውን የላኩ ወላጆች ይህን የማወቅ መብት አላቸው። ሚኒስቴሩ ወጥቶ ይንገረን። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎትም የኢ-ቪዛውን ጊዜ ለማራዘም የዋሽንግተንን ፈቃድ መጠበቅ የለበትም፤ ከሚቀጥለው የምርቃት ወቅት በፊት ሊጨርሰው ይችላል።