የኮራል ወዳጆች ይመስገኑልን

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ሞቃት ባሕር ባለበት ሁሉ አይጠፋም። ማስኩን አጥልቆ፣ የዋና ጎማውን እግሩ ላይ ሰክቶ፣ ስልኩን ውኃ በማያስገባ ከረጢት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣው ጎብኚ ነው። ይህ ሰው ተፈጥሮን ይወዳል። የሚወደው ግን በእጁ ነው። በእግሩም።

ውኃ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ የሚያደርገው መቆም ነው። ዋና ያደክማላ! ከሥሩ ድንጋይ እያለ ለምን ይቸገራል? ድንጋይ አለመሆኑ የሳይንቲስቶች ጣጣ ነው። እነሱ እንደሚሉት ኮራል እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ እልፍ ሚጢጢ ፍጥረታት ከሥራቸው የኖራ አጽም እየሠሩ ተያይዘው ይኖሩበታል። ክቡና ግዙፉ ዓይነት በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢያድግ ነው። ወዳጃችን የስንት ዓመቱን ሥራ በአንድ ተረከዝ ይጨርሰዋል። ይመቸው!

ቀጥሎ መዳሰስ ነው። ኮራሉ ገላውን የሚሸፍንበት ልጋግ አለው፤ ከበሽታና ከደለል የሚጠብቀው እሱ ነው። ጎብኚያችን ንጽሕና ስለሚወድ በመዳፉ ጠርጎ ያነሳለታል። እግረ መንገዱንም በጎማው አሸዋውን አምሶ ይበትንበታል። ኮራሉ ትንፍሽ አይልም። ቢከፋው ይናገር ነበር።

ስለ ቸርነቱስ ምን ልበል? ከቁርስ የተረፈ ዳቦ ይዞ ይመጣል። በቀቀን ዓሣን አይቶ የማን አንጀት ይችላል? ምስኪኑ ያን መንቁር የመሰለ ጥርሱን ይዞ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን፣ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ሽፋን ሲፍቅ ይውላል፤ ቀረብ ብሎ ላዳመጠው ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። አብሮ የተፋቀውን ኖራ በሆዱ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር አሸዋ ያወጣል። በብዙ ደሴቶች ወዳጃችን ፎጣውን የሚያነጥፍበት ነጭ ዳርቻ ጥቂት የማይባለው ክፍል የዚህ ዓሣ እዳሪ ነው። አትንገሩት ብቻ፣ ፎቶው ይበላሽበታል።

ዓሣው ካልፋቀ አልጌው ኮራሉን ይወርሰዋል። ለዚህ ብላ የማዕከላዊ አሜሪካዋ ቤሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009 በቀቀን ዓሣን ማጥመድ ከለከለች። ጥሩ። ግን ዳቦ በነጻ የሚታደለው ዓሣ ለምን ብሎ ድንጋይ ይፍቃል?

መቼም ባዶ እጅ አይኬድም። አንድ ቅርንጫፍ ቀንጠስ አድርጎ ኪሱ ይከታል። «አንድ ብቻ ናት» ይላል፤ ከኋላው የሚመጣውም እንዲሁ ይላል። ያቺ ቅርንጫፍ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ቀን ስታድር ትገማለች፤ ቀለሟም ይጠፋል። ቀለሟ በብዛት የመጣው ገላዋ ውስጥ ከሚኖረውና ከሚመግባት ሌላ ዓይነት ሚጢጢ አልጌ ነበራ። ጉምሩክ ላይም ታስጠይቃለች፤ ድንጋያማ ኮራልን ከአገር አገር ያለ ፈቃድ ማጓጓዝ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ለማስታወሻ ዕቃ ይህን ሁሉ መሥዋዕትነት የሚከፍል ሌላ ማን አለ?

አንዳንዱ ይወቅሰዋል። እሱ መልስ አያጣም። «ኮራሉን የሚገድለው ሙቀቱ ነው፤ እኔ ምን አደረግኩ?» ልክ ነው፤ ዋናው ገዳይ ሙቀት ነው። ውኃው ከለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ ውስጡ ያለውን መጋቢውን አልጌ ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ይራባል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱ በይፋ ተነግሯል። ጨርሶ ካልሞተ ግን ሊያገግም ይችላል፤ የሚረግጠው ካልመጣ። ወዳጃችን ይህን የሚያስረዳን የአውሮፕላኑ ጢስ ከላዩ ሳይበተን ነው።

ውለታ ቢስ አገሮችም አልጠፉም። ታይላንድ በቀን እስከ 5,000 ወዳጅ ይጎርፍባት የነበረውን ማያ ቤይ የተባለች የባሕር ወሽመጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘጋቻት። ከሦስት ዓመት በላይ ማንም ኮራሉን ሳይዳስስላት ቀረች። ታዲያ ምን ሆነ? ሻርኮቹ ተመልሰው መጡ። ማን እንደጠራቸው እንጃ። የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ሃዋይም ብሳ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉት ኬሚካሎች፣ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት፣ ያሉበት የጸሐይ ቅባት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጥ አገደች፤ ለባሕሩ የተቀባነውን ማካፈል ወንጀል ሆነ እንግዲህ።

የፓስፊኳ ደሴት አገር የፓላው ደግሞ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ እንግዳ ፓስፖርቱ ላይ የታተመ ቃል ኪዳን ይፈርማል። ለደሴቶቹ ልጆች ነው ቃል የሚገባው፤ ያልተሰጠኝን አልወስድም ብሎ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይቀየም ነበር። የኛ ሰው ግን ሆደ ሰፊ ነው። ሳያነብ ፈረመና አለፈ። እስክሪብቶውንም ኪሱ ከተተው።