በኤል ፋሸር ላይ የተጠጣ ቢራ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር የሚለው ቅር ይበለው፤ ግን ጨርሶ ይስማኝ።

ነገሩ የሆነው ኮዬ ፈጬ ነው። እዚሁ እኛው ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ግሮሰሪዎች ባንዱ። ጊዜው የጥቅምት 2018 ዓ.ም አጋማሽ ነው። ጨዋታ እስኪጀመር ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና ተከፍቷል። የሱዳን ካርታ ወጣ። ኤል ፋሸር የምትባለው የዳርፉር ከተማ በቀይ ተከባ ትታያለች። ከበባው ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰዉ የከብት መኖ እየበላ ነው ይላል ዜና አንባቢው።

“ይቺ ከተማ እስከ እሑድ አትቆይም” አለ አንዱ።

“ትቆያለች።”

“ትወራረዳለህ?”

“በሳጥን ቢራ!”

ተጨባበጡ፤ ሦስተኛው ቆረጠላቸው። ወዲያው ግሮሰሪው ለሁለት ተከፈለ፤ የደርቢ ቀን ነው የሚመስለው። አንዱ ስለ ድሮን ይተነትናል፣ ሌላው ግብፅ ዝም አትልም ይላል። የሚገርመው፣ አንዳቸውም እዚያች ከተማ ውስጥ ስላለ ሰው አላነሱም።

በሩ ጋ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። እሷ ዘንድ ዱካ ላይ አንድ ሱዳናዊ ወጣት ሻይ ይጠጣል። ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ስልክ ይጠግናል። ጦርነት አባሮት መጥቶ አማርኛውን የለመደው ከኛው ነው። ከተወራራጆቹ አንዱ ወደሱ ዞር አለና፣ “ሀቢቢ! አንተ የዚያ ሰው ነህ። እስኪ ቲፕ ስጠን፤ ትወድቃለች አትወድቅም?” አለው።

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ጥያቄው ያልገባው መስሎን ነበር። ገብቶታል።

“እናቴ እዚያ ናት” አለ።

“ታዲያ ደውልና ጠይቃታ!”

ተሳቀ። ቡና ሻጯ ብቻ ናት የተቆጣችው። “ኧረ እግዜርን ፍሩ! ሰው እኮ ነው የሚያልቀው!” አለች። “አንቺ ቡናሽን ቅጂ” ተባለች። ከሷ በቀር አፍ ያለው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። ልጁ የሻዩን ሒሳብ ረከቦቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

እሑድ ጥቅምት 16 ቀን፣ ከሱዳን ጦር ጋር የሚዋጋውና ከተማዋን ከብቦ የቆየው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እዚያ ያለውን የጦሩን ዋና ሰፈር ያዘ። ከተማዋ ወደቀች። ከቀናት በኋላ፣ ሳውዲ በሚባለው የወሊድ ሆስፒታሏ ከ460 በላይ ታካሚዎችና አስታማሚዎች መገደላቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ተናገረ። በዚያው ሳምንት ሳጥኑ ወጣ። የተሸነፈው ሳያንገራግር ከፈለ። “ቃሉን የሚያከብር ወንድ!” ተብሎ ተጨበጨበለት።

እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይኼንን ነው። ውርርዱን ሞቅ ብሏቸው ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ግን ቀን አልፎበት፣ ሬሳውን በየስልካቸው አይተው፣ ቢራው አልቀዘቀዘም ብለው አስተናጋጇን እየተቆጡ ጠጡት። የልጁ እናት ትኑር ትሙት የጠየቀ የለም።

ኃያላኑ እንዲህ መሆናቸውን ድሮም እናውቃለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ሁለት ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ስለ ሱዳን ለንደን ላይ ተሰበሰቡ። የሱዳን መንግሥት አልተጠራም። የተጠሩትም አረቦቹ እርስ በርስ ስላልተስማሙ የጋራ መግለጫ እንኳ ሳያወጡ ተበተኑ። መስከረም 2018 ላይ ደግሞ አሜሪካ፣ ሳውዲ፣ ግብፅና ኤምሬትስ ለአራት ሆነው የሦስት ወር ተኩስ ማቆም፣ ከዚያ የዘጠኝ ወር ሽግግር ብለው ጻፉላት። ከአራቱ አንዷ ኤምሬትስ ፈጥኖ ደራሹን ታስታጥቃለች ተብላ የምትከሰስ ናት፤ እሷ ታስተባብላለች። የጸጥታው ምክር ቤትማ ሰኔ 2016 ላይ የኤል ፋሸር ከበባ ይቁም ብሎ በ14 ድምፅ ወስኖ ነበር። ከበባው ከዚያ በኋላ ከ16 ወር በላይ ቀጠለ። ኅዳር 2017 የቀረበውን የተኩስ አቁም ሐሳብ ሩሲያ ብቻዋን ጣለችው።

እነሱስ ጥቅም አላቸው። ወርቅ አለ፣ ቀይ ባሕር አለ፣ ዓባይ አለ። እኛ ምን አገኘን? አንድ ሳጥን ቢራ!

ይኼ ደግሞ ከማንም ይልቅ ከኛ አይጠበቅም። ኅዳር 1928 ዓ.ም መጨረሻ ላይ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ፓሪስ ቁጭ ብለው አገራችንን አከፋፈሏት። ከትግራይ ቆርሰው ለጣሊያን፤ ከኦጋዴንም ለጣሊያን፤ በደቡብ ሰፊ መሬት ለጣሊያን ጥቅም። ለኛ ወደ ባሕር የምታወጣ ቀጭን መተላለፊያ። ወረቀቱ ሾልኮ የፓሪስ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያኔ ማን ተነሣ መሰላችሁ? ተራው የእንግሊዝ ሰው። ወሎ በየት በኩል እንደሆነች የማያውቅ ሰው ለምክር ቤት ተመራጩ የቁጣ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ውሉም ቀረ። አዎ፣ አላዳነንም። ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ግን ያ ሰው በኛ ላይ ቢራ አላስያዘም።

“እኛንስ ማን አዘነልን?” ትሉኝ ይሆናል። ሱዳን ናታ! ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ከሱዳን ተነሥተው ነው። በ1977ቱ ረሃብ ስንቱ ነው ድንበሩን አቋርጦ የተረፈው? በ2013 ከትግራዩ ጦርነት ሸሽቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በሱዳኗ ሐምዳይት በኩል የገባው ወገናችን ከጊዜ በኋላ ከ60 ሺህ በላይ ሆነ። ማን አስጠጋው? በዓመቱ ደግሞ “በቃ!” ብለን፣ በጉዳያችን የውጭ ሰው አይወስንብን ብለን አደባባይ ወጣን። እኛው ነን እኮ።

እኔ አሁን ከመናደድ ይልቅ ደክሞኛል። ኮዬ ፈጬ ተቀምጠን ዋሽንግተንንም ሆነ አቡዳቢን አናዝም። ዜናው ሲመጣ አፋችንን መሰብሰብ ግን ይቻለናል። ጎረቤትን “ቤተሰብ ደህና ናቸው ወይ?” ማለት ይቻላል። “ሱዳን ነው፣ ከውጭ ይላክለታል” እያላችሁ ኪራይ የምትቆልሉ ደግሞ፣ በናታችሁ ተዉ።

ትሰሙኛላችሁ? እንጃ። ቅዳሜ የብሎካችን ስብሰባ አለ። አጀንዳው የውኃ ፓምፑ ነው። ከሱ ቀጥሎ የኪራዩን ነገር አነሣለሁ። ሁለት ሰው ከደገፈኝ ለጊዜው ይበቃኛል።