እርማት፦ ፊላደልፊያ ውስጥ እስረኛ የሚለቀው ዐቃቤ ሕጉ አይደለም

ወንድሜ፣ «ላሪ ክራስነር ወንጀለኛ ስለሚለቅ ፊላደልፊያ በግድያ አለቀች» ብለሃል። ክራስነር የዚህች የአሜሪካ ከተማ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል ወይም ይተዋል። ስለ ዋስትናም አስተያየቱን ያቀርባል። የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ክራስነር በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያደረገው፣ በ25 ዓይነት ቀላል ወንጀሎች ቢሮው የገንዘብ ዋስትና እንዳይጠይቅ ማዘዝ ነው። ግድያ እዚያ ውስጥ የለም። ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲያጠኑት፣ ተከሳሾች ከቀጠሮ መቅረታቸውም ሆነ በድጋሚ መከሰሳቸው ጨምሮ አላገኙትም።

ግድያውስ? በ2021 ከተማዋ ውስጥ 562 ሰው ተገደለ። ያማል፤ የቤተሰቦቹ ቁጣ በደንብ ይገባኛል። ነገር ግን በ2020 ግድያ በመላ አሜሪካ 30 በመቶ ገደማ አሻቅቦ ነበር። ጥብቅ ዐቃቤ ሕግ ያላቸው ከተሞችም አልቀረላቸውም። በ2024 ደግሞ የፊላደልፊያው ቁጥር 269 ደረሰ፤ ክራስነር ያኔም በቢሮው ነበር። ቅናሹን ለእሱ መስጠትም ያው ስህተት ነው።

በሥራው መጠየቅ አለበት፣ በዚህ እንስማማለን። በየ4 ዓመቱ የሚመረጥ ሰው ነው። ቢሮው የክስ መረጃውን በኢንተርኔት ያወጣል። በሕገወጥ መሣሪያ ከተከሰሱት ውስጥ የስንቱ ክስ ውድቅ ሆነ? ለምን? ምስክር ቀርቶ ነው ወይስ ፋይሉ ተዝረክርኮ? ድምፅ ከመስጠትህ በፊት እነዚህን ጠይቀው፤ ተፎካካሪዎቹንም እንዲሁ።